ባለ ጥቁር ቆቧን ወፍ በበጋ ማለዳ ፎቶግራፍ ማንሣት

የክረምቱ ዝናብ አብቅቶ ጥቅምት ሲገባ የአዲስ አበባ ሰማይ ይጠራል፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ማለዳው ደግሞ ለፎቶግራፍ አንሺ እጅግ የተመቸ ይሆናል። በዚሁ ወቅት ዛፍ በበዛባቸው የከተማዋ ግቢዎች ውስጥ አንዲት ትንሽ እንግዳ ትሰነብታለች። በምሥራቁ የከተማዋ ክፍል፣ በጎሮና በአካባቢዋ፣ የወይራ፣ የብሳና ወይም የግራዋ ዛፍ ባልጠፋበት አጥር አጠገብ ጸጥ ብሎ የቆመ ሰው ሁለት ጠጠሮች ሲጋጩ የሚሰማውን የመሰለ «ታክ፣ ታክ» የሚል ደረቅ ድምፅ ሊሰማ ይችላል። ድምፁ ቅርብ ነው፤ ባለቤቷ ግን አትታይም።

በዚህ ጽሑፍ ይህችን ወፍ በፎቶግራፍ ለማስቀረት የሚያስፈልገውን የብርሃን፣ የርቀትና የጊዜ ስሌት እንመለከታለን። ስሌቱን የሚያከብደው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ለካሜራው ከሁሉ የተሻለው ሰዓት ወፏ መረበሽን ከምንጊዜውም ይልቅ የማትችልበት ሰዓት መሆኑ ነው። ጥሩ ፎቶግራፍ አንሺ የሚባለው ይህን ቅራኔ አውቆ መፍትሔ ያገኘለት ሰው ነው።

እንግዳዋ ማን ናት?

የወፏ ሳይንሳዊ መጠሪያ ሲልቪያ አትሪካፒላ ይባላል። ሁለተኛው ቃል ላቲን ሲሆን ትርጉሙ «ባለ ጥቁር ፀጉር» ማለት ነው። ከምንቃሯ እስከ ጭራዋ ጫፍ 14 ሴንቲ ሜትር ያህል ትረዝማለች፤ ክብደቷም አብዛኛውን ጊዜ ከ16 እስከ 25 ግራም ነው። አካሏ ግራጫማ ነው። ወንዱ እስከ ዓይኑ አፋፍ የሚደርስ ጥቁር ቆብ የደፋ ይመስላል። የሴቷ ቆብ ግን ቀይ ቡናማ ነው። የመጀመሪያ ዓመታቸውን ባልጨረሱ ወንዶች ራስ ላይ ሁለቱ ቀለማት ተቀላቅለው ሊታዩ ይችላሉ።

ለአዲስ አበባ ነዋሪ ይበልጥ የምትታወቀው ራሷ የጠቆረ ወፍ ቡልቡል ናት። ሁለቱን መለየት አያስቸግርም። ቡልቡል በአካል ትልቅ ናት፤ በአጥርና በሽቦ ላይ በግልጽ ቆማ ትጮኻለች። ባለ ቆቧ ግን በቅጠል መካከል ሆና ነፍሳትንና የዛፍ ፍሬን ትለቅማለች፤ አንድ ቦታ ላይ ከሁለትና ከሦስት ሰከንድ በላይ የምትቆየውም አልፎ አልፎ ነው።

ይህች ወፍ የምትራባው በአውሮፓ፣ በምዕራብ እስያና በምዕራብ ሳይቤሪያ ነው። የዚያ አገር ክረምት ሲቃረብ ነፍሳት ይጠፋሉ፤ ቀኑም ያጥራል። በምሥራቁ ክፍል የሚኖሩት ወፎች በሌሊት እየበረሩ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይፈልሳሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባሉት ወራት በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ይከርማሉ። እኛ በጋ የምንለው ወቅት ለእነርሱ የክረምት መሸሸጊያ ነው።

መንገዱን ማን ያሳያቸዋል? ጀርመናዊው ተመራማሪ አንድሪያስ ሄልቢግ ይህን ጥያቄ በማዳቀል ሙከራ መርምሮታል። ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚፈልሱ የጀርመን ወፎችን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ከሚፈልሱ የኦስትሪያ ወፎች ጋር አዳቅሎ፣ የፍልሰት ወቅት ሲደርስ ጫጩቶቹ በመሞከሪያ ጎጆ ውስጥ ሆነው ወደየት ለመብረር እንደሚሞክሩ ተመለከተ። እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው ውጤት መሠረት ዲቃሎቹ የመረጡት አቅጣጫ ከሁለቱ ወላጆች አቅጣጫ መካከል ላይ የሚውል ነበር። የፍልሰት አቅጣጫ በዘር የሚወረስ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። ስለዚህ በጎሮ አጥር ውስጥ «ታክ» የምትለው ወፍ መንገዱን ያገኘችው ከወላጆቿ በወረሰችው ካርታ ነው ማለት ይቻላል።

ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኝ፣ በመናገሻ ሱባና በእንጦጦ ደኖች የምትታይ፣ በዜማዋ የታወቀች አንዲት ግራጫ ወፍ አለች። ግንባሯ ነጣ ያለ ሲሆን ከጭራዋ ሥር ቀይ ቡናማ ቀለም አላት። ለረጅም ጊዜ ዘመድ የሌላት ተደርጋ ለብቻዋ በአንድ ወገን ተመድባ ቆይታ ነበር። የዘረ መል ጥናት ግን ከባለ ቆቧ ጋር የቅርብ ዝምድና እንዳላት ስላሳየ ዛሬ ሲልቪያ ጋሊኒዬሪ ተብላ በዚያው ወገን ውስጥ ትመደባለች። ከሰሜን የመጣችው እንግዳ ለካስ የምታርፈው በዘመዷ አገር ነው።

ማለዳ ለወፏ ምን ማለት ነው?

አንድ አካል ሙቀት የሚያጣው በቆዳው በኩል ሲሆን ሙቀት የሚያመነጨው ደግሞ በመላ አካሉ ነው። ጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኪዩብ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገጽና 1 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ይዘት አለው። ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነው ግን 600 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገጽና 1000 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ይዘት ይኖረዋል። በሌላ አነጋገር ትንሹ ኪዩብ ከይዘቱ አንጻር ሲታይ ከትልቁ 10 እጥፍ የሚበልጥ የሙቀት ማምለጫ ገጽ አለው። 18 ግራም የምትመዝን ወፍ ያለባት ችግር ይኸው ነው።

የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብዙ ጊዜ ከ10 ዲግሪ ሴልሲየስ በታች ይወርዳል። ደመና ስለሌለ ምድር በቀን የተቀበለችውን ሙቀት በሌሊት በቀላሉ ወደ ሰማይ ትለቃለች። የወፏ የሰውነት ሙቀት ግን ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። ስለዚህ ከ30 ዲግሪ በላይ የሆነ የሙቀት ልዩነትን ሌሊቱን ሙሉ ተቋቁማ ማደር አለባት፤ ይህንንም የምታደርገው ቀን ያከማቸችውን ስብ በማቃጠል ነው። ትናንሽ ወፎች በአንድ ሌሊት ከክብደታቸው ከ5 እስከ 10 በመቶ ሊያጡ ይችላሉ። ይህም 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው አድሮ ሲነሣ ከ3 እስከ 6 ኪሎ ቀንሶ እንደማግኘት ነው።

እንግዲህ ጎሕ ሲቀድ ወፏ የምትነሣው በባዶ ሆዷ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሰዓታት የሌሊቱን ኪሣራ የምትመልስባቸው ናቸው። ከቁጥቋጦ ወደ ቁጥቋጦ እየተከተለ የሚያባርራት ሰው ከባከነው ጊዜ በተጨማሪ ለሽሽት በረራ የምታወጣውን ጉልበትም ያስከፍላታል። አንድ ጊዜ ብትሸሽ ምንም ላይሆን ይችላል። አሥር ጊዜ በተከታታይ ከተባረረች ግን ቁርሷን አጥታለች።

ብርሃኑ ለምን ማለዳ ይመረጣል?

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይዋ በፍጥነት ወደ ላይ ትወጣለች። በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው። ከአድማስ በላይ 30 ዲግሪ ለመድረስ 2 ሰዓት ከሩብ ገደማ ይበቃታል፤ እኩለ ቀን ላይ ከፍታዋ 57 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ዝቅ ያለች ፀሐይ ጨረሯን በቅርንጫፎች ሥር ከጎን ታስገባለች። ከፍ ስትል ግን ብርሃኑ በቅጠሉ ጣሪያ ላይ ይቀርና ከሥሩ ጥቁር ጥላ ይፈጠራል። ሙሉ ፀሐይ ባረፈበት ቅጠልና ጥቅጥቅ ባለ ጥላ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት 30 እጥፍና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል።

ለዚህች ወፍ ደግሞ የተለየ ምክንያት አለ። የወንዱ ዓይን ጥቁር ነው፤ ከቆቡ ጋርም ተያይዞ ይታያል። በፎቶግራፉ ላይ ዓይንና ቆብ አንድ ጥቁር ጠብታ እንዳይሆኑ የሚለያቸው በዓይኑ ላይ የምታንጸባርቅ አንዲት የብርሃን ነጥብ ናት። ያቺ ነጥብ የምትገኘው ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ከፎቶ አንሺው ጀርባ ስትሆን ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው ከምሥራቅ ወደ ደቡብ ባዘነበለ አቅጣጫ ስለሆነ መቀመጫው በግቢው ምሥራቃዊ ወይም ደቡብ ምሥራቃዊ ጥግ ቢሆን ይመረጣል።

ርቀትና ሌንስ

የወፏ ምስል በካሜራው ውስጥ ምን ያህል ይሆናል? ስሌቱ ቀላል ነው። የወፏ ርዝመት በሌንሱ የትኩረት ርዝመት ተባዝቶ ለርቀቱ ሲካፈል የምስሉ ርዝመት በግምት ይገኛል። ከ8 ሜትር ርቀት ላይ፣ 400 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርዝመት ባለው ሌንስ፣ 14 ሴንቲ ሜትር የምትረዝም ወፍ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ምስል ትሰጣለች። በብዙ መካከለኛ ዋጋ ባላቸው ዲጂታል ካሜራዎች የምስል መቀበያው ወርድ 23 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ወፏ ከወርዱ አንድ ሦስተኛ ገደማ ትይዛለች። ይህ ለጥሩ ፎቶግራፍ በቂ ነው።

የተንቀሳቃሽ ስልክ ዋና ሌንስ የትኩረት ርዝመት ግን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በዚያው ርቀት የወፏ ምስል አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በስልኩ ማያ ላይ በጣት እየገፉ ማጉላት ያንኑ ትንሽ ምስል ያሰፋዋል እንጂ ዝርዝር አይጨምርበትም። የአቅርቦ ማያ መነጽር ያለው ሰው የስልኩን ሌንስ በመነጽሩ አንድ ዓይን ላይ አስጠግቶ ቢያነሣ የተሻለ ውጤት ያገኛል። ምስሉ ለዐውደ ርእይ ባይበቃም ወፏን ለመለየት ይበቃል።

ከስሌቱ እንደሚታየው ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ የምስሉ ርዝመት እጥፍ፣ ስፋቱ ደግሞ አራት እጥፍ ይሆናል። ጀማሪውን ወደ ፊት የሚገፋው ፈተና ይህ ነው። ሆኖም እያንዳንዱ ወፍ ሁለት ወሰኖች አሉት። ሰው የመጀመሪያውን ሲያልፍ ወፏ ትነቃለች፤ ሁለተኛውን ሲያልፍ ትሸሻለች። የመጀመሪያውን ወሰን ማለፋችንን የምናውቀው መልቀሟን አቁማ አንገቷን ስታቀና፣ «ታክ» የሚለውንም ድምፅ ስታፈጥን ነው። ያን ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ መቆየት፣ ካልተረጋጋችም በዝግታ ወደ ኋላ መመለስ ይገባል።

መከተል ትቶ መጠበቅ

የብርሃኑንና የረሃቡን ቅራኔ የሚፈታው ዘዴ ወፏ በራሷ ፈቃድ ወደምትመጣበት ቦታ ቀድሞ ተገኝቶ መቀመጥ ነው። በአውሮፓ የሚኖሩ ፎቶ አንሺዎች በክረምት ምግብ አስቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ዛፎቹም አብዛኞቹ ቅጠላቸው ስለረገፈ ወፏ በቀላሉ ትታያለች። በአዲስ አበባ ግን ወይራውም ጽዱም በበጋ ቅጠላቸውን አያራግፉም። እዚህ የሚጠቅመን ሌላ እጥረት ነው፤ እርሱም የውኃ እጥረት ነው። ዝናቡ ከቆመ በኋላ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ወይም ውኃ የያዘ ሳህን የአካባቢውን ወፎች ይስባል።

ስለዚህ ግቢ ያለው ሰው የሚከተለውን ሊያደርግ ይችላል። ጥልቀቱ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ውኃ የያዘ ዝርግ የሸክላ ወይም የፕላስቲክ ሳህን ከቁጥቋጦው አንድ ሁለት ሜትር ያህል አርቆ ያስቀምጣል። ከዚህ ቢቀርብ ድመት ታደባበታለች፤ እጅግ ቢርቅ ደግሞ ወፏ መሸሸጊያ ስለማታገኝ አትደፍርም። ከሳህኑ አጠገብ አንድ ደረቅ የወይራ ጭራሮ ይተክላል፤ ወፏ ከመጠጣቷ በፊት የምታርፈው እዚያ ላይ ይሆናል። ውኃው በየቀኑ መለወጥ አለበት፤ የቆየ ውኃ በሽታ ያዛምታል፤ የወባ ትንኝንና መሰሎቿንም ይፈለፍላል። ወፎቹ ሳህኑን እስኪለምዱት ጥቂት ቀናት ያለ ካሜራ መጠበቅ ይገባል።

መቀመጫውን በተመለከተ፣ ከመስኮት መጋረጃ በስተኋላ ወይም በቆመ መኪና ውስጥ መሆን ከማንኛውም ልብስ ይሻላል። ውጭ የሚቀመጥ ሰው ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ቦታውን መያዝ አለበት። የማለዳው ብርድ ጋቢ ቢያስመኝም ነጭነቱ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ስለሚያሳብቅ ግራጫ ወይም ቡናማ ካፖርት ይመረጣል። ግቢው የሌላ ሰው ወይም የቤተ ክርስቲያን ከሆነ ከዋዜማው ሄዶ ባለቤቱን ወይም ጥበቃውን ማነጋገር ተገቢ ነው። ገና ጎሕ ሳይቀድ ረጅም ሌንስ ይዞ በአጥር ጥግ የተደበቀ ሰው ማንንም ያስደነግጣል። «ወፍ ለማየት ነው፣ አባቴ» ተብሎ በወጉ ሲነገራቸው ግን የጥበቃ ሠራተኞች ወፏ የምትመላለስበትን ዛፍ ከማንም በተሻለ ሊያሳዩ ይችላሉ፤ ግቢው ሲነጋ የሚያዩት እነርሱ ናቸውና።

የተቀዳ ድምፅ በማሰማት ወፏን መጥራት የተለመደ አቋራጭ ሆኗል። በዚህ ዘዴ የተጠራች ወፍ ተቀናቃኝ የመጣባት መስሏት መልቀሟን ትታ ልትወጣ ትችላለች፤ የምትከፍለውም ከማለዳ ቁርሷ ነው። ለፎቶግራፍ ሲባል ቅርንጫፍ መቁረጥም እንዲሁ ሊወገድ ይገባል። እንግዳዋ እዚህ ጎጆ ባትሠራም በዚያው ቁጥቋጦ ውስጥ የሚራቡ ያገራችን ወፎች አሉ።

የካሜራው ማስተካከያ

ወፏ በቅርንጫፍ ላይ ስትዘል በሰከንድ አንድ ሜትር ያህል ትንቀሳቀሳለች ብንል፣ የካሜራው መዝጊያ 1/125 ሰከንድ ክፍት ሆኖ ሲቆይ 8 ሚሊ ሜትር ትሄዳለች። ይህም ራሷን ለማደብዘዝ ይበቃል። በ1/1000 ሰከንድ ግን የምትሄደው 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ከ1/500 ሰከንድ ባላነሰ ፍጥነት ማንሣት ይመከራል። በጥላ ውስጥ ይህ የሚቻለው የሌንሱን ቀዳዳ በሰፊው ከፍቶ የአይ.ኤስ.ኦ. መጠኑን እስከ 1600 ወይም 3200 ከፍ በማድረግ ነው። ምስሉ ጥቂት ቢሻክርም ከደበዘዘ ምስል ይሻላል፤ ሻካራነቱን በኮምፒዩተር መቀነስ ሲቻል የደበዘዘውን ግን መመለስ ያስቸግራል።

ቀዳዳው ሲሰፋ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ይጠባል። በ400 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በኤፍ 5.6 ቀዳዳ፣ ከ8 ሜትር ርቀት ላይ ይህ ጥልቀት 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ትኩረቱ ዓይኗ ላይ ማረፍ አለበት። ካሜራው በራሱ ሲያተኩር ከፊት ያለውን ቅጠል እየመረጠ የሚያስቸግር ከሆነ በመካከለኛዋ አንዲት ነጥብ ብቻ እንዲያተኩር ማድረግ፣ ወይም አስቀድሞ በተተከለው ጭራሮ ላይ በእጅ አተኩሮ ወፏን መጠበቅ ይቻላል። ካሜራውን በትራይፖድ ላይ ማሳረፍም የእጅን መንቀጥቀጥና ድካም ያስቀራል። የመብራት ብልጭታ ግን አያስፈልግም፤ ማለዳው በቂ ብርሃን አለው።

ፎቶግራፉ ሰነድ እንዲሆን

በኢትዮጵያ ከ860 በላይ የአዕዋፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ይህ ዝርዝር የተሠራው ሰዎች ያዩትን፣ ያዩበትን ቦታና ቀን ጽፈው ስላስቀመጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ለአዕዋፍ አስፈላጊ የሆኑ ቦታዎችን ለመለየት የተጠቀመውም በዚህ ዓይነት መረጃ ነው። ዛሬ ማንኛውም ሰው ምልከታውን ከነፎቶግራፉ «ኢበርድ» በተባለው ዓለም አቀፍ የመረጃ ቋት ማስመዝገብ ይችላል።

ከእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ጋር ቦታው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የዛፉ ዓይነት፣ የቆቡ ቀለምና የታዩት ወፎች ብዛት መጻፍ አለበት። በእኛ አገር አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ካሜራው ቀኑን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ሰዓቱንም በዚያው ልማድ ይመዘግባል፤ ካሜራው 07:10 ያለው በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ10 ነው። በማስታወሻው ላይ የትኛው አቆጣጠር እንደተሠራበት ካልተገለጸ አንድ ምልከታ በስድስት ሰዓት ወይም በሰባትና በስምንት ዓመት ሊሳሳት ይችላል።

ይህ ምዝገባ በጎሮ የተለየ ትርጉም አለው። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት በአብዛኛው የእርሻ ማሳ የነበረው የከተማዋ ምሥራቃዊ ዳርቻ ዛሬ በመኖሪያ ቤትና በመንገድ ተሞልቷል። አጥር በግንብ ሲተካ፣ አንድ ያረጀ ወይራ ሲቆረጥ፣ ከሩቅ አገር የመጣች ወፍ ትመገብበት እንደነበር የሚያውቅ ሰው ላይኖር ይችላል። ቀንና ቦታ የተጻፈበት ፎቶግራፍ ግን ለግቢው ባለቤትም ለተመራማሪም ይህንኑ ይነግራል። በአምስት ዓመት በአንድ ግቢ የተነሡ አምስት ፎቶግራፎች ካሉ ደግሞ እንግዳዋ ማረፊያ ማጣቷን ወይም ማግኘቷን ለመናገር መነሻ ይሆናሉ።

ለማጠቃለል፣ ከዚህ ሁሉ ስሌት በኋላ ሥራውን የምንመዝንበት ቀላል መመዘኛ አለ። ፎቶ አንሺው ዕቃውን ሰብስቦ ሲነሣ ወፏ ከመጣችበት ቁጥቋጦ ውስጥ አሁንም እየለቀመች ከሆነ ማለዳው ለሁለቱም ተሳክቷል። ፎቶግራፍ ተገኝቶ ወፏ ከአካባቢው ከጠፋች ግን በምስሉ ላይ የምናየው የሸሸችበትን ቅጽበት ነው። ባለ ቆቧ መጋቢት ሲያልፍ ወደ ሰሜን ትመለሳለች፤ ለዚያ ረጅም በረራ የምትሰንቀውን ስብ የምታጠራቅመው እዚሁ በእኛ አጥር ውስጥ ነው። አንባብያን በሚመጣው ጥቅምት ማለዳ ተነሥተው ድምፁን እንዲያዳምጡ፣ ሳህናቸውን በውኃ ሞልተው ከመጋረጃው በስተኋላ በትዕግሥት እንዲቀመጡ እንጋብዛለን።